ሁለት አጋዘን፣ አንድ ከርከሮና የእናቴ መቀነት

ባለፈው ቅዳሜ ማንጎ ልገዛ ገበያ ወጥቼ፣ ሽመል ሠሪዎቹ ጋ ስደርስ እግሬ በገዛ ፈቃዱ ቆመ። ገና ከጫካ የመጣ ሽመል፣ የቆላው ቀርከሃ፣ በገጀራ ሲሰነጠቅ የሚወጣውን ሽታ አሶሳ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ እርጥብ ሣር እርጥብ ሣር ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ አንዳች የወተት ጠረን አለው። ለሌላው ሰው የወንበርና የአልጋ ሽታ ነው። እኔን ግን ወደ አንድ ገደል አፍ፣ ወደ አንዲት ነጭ ፒካፕና ወደ ጉብዝናዬ ዘመን ይወስደኛል። እዚያው ቆሜ ሳሸት ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ «ጾመኛዋ!» ብሎ ጠራ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ዞር ስል ቢጫ ቶብ የለበሰች፣ ማንጎዋን በአራት በአራት የደረደረች የበርታ ሴት ቁጭ ብላ ትስቃለች። «አላወቀኝም? ኸዲጃ ነው፤ የሼህ ኢድሪስ ልጅ!» አለችኝ። «ኸዲጃ! አንቺ ልጅ!» አልኳት። «ምን ልጅ! እኔ አያት ሆነ። አንቺም አረጀ፣ እኔም አረጀ፤ ማንጎ ብቻ አላረጀ» ብላ አንዱን አሽትታ ሰጠችኝ። ገንዘብ አልቀበልም አለች። የማንጎውን ልጣጭ በጥርሴ እየላጥኩ አጠገቧ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩና፣ ሁለት አሮጊቶች የወጣትነታችንን ወሬ ስናነሣ ፀሐይ ዞረብን።

እኔ የመርሐቤቴ ሰው ነኝ። ዘመዶቼ አሁንም በስልክ «መቼ ነው የምትገቢው?» ይሉኛል፣ ለእንግድነት የሄድኩ ይመስል። ወደዚህ አገር ስመጣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተመድቤ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ልተወው፤ ዋጋውን ብናገር ይበቃል፤ ማንጎ በስሙኒ እቅፍ ሙሉ የሚሰጥበት፣ ሻጯ «ጨምሪልኝ» ሳትባል የምትጨምርበት ዘመን ነበር። ከኩርሙክ በኩል በአህያ የሚገባው የሱዳን ሳሙና ከተማውን ሁሉ በሽታው ይሞላው ነበር፤ ሴቱም ወንዱም ያንኑ አንድ ሳሙና ስለሚታጠብ ዐይንህን ጨፍነህ ማን እንዳለፈ አታውቅም። ጎማ ከሚጠግነው ሰውዬ ጥግ፣ ትልቁ ኒም ዛፍ ሥር፣ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ያ ቀይ የአበባ መጠጥ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ይሸጥ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በዐረብኛ የሚዘፍን ቴፕ ነበረው። ቃሉን ሳያውቅ ዜማውን የማያንጎራጉር የመንግሥት ሠራተኛ አልነበረም። እኔ መዝሙር ስለምወድ ዘፈኑን ላለመስማት እየተጣጣርኩ አልፋለሁ፤ ቢሮ ስገባ ግን ያው ዜማ ከንፈሬ ላይ ተገኝቶ ስንት ቀን አማትቤአለሁ።

መንጃ ፈቃዴን አገሬ ሳለሁ፣ አጎቴ የጭነት መኪና ስለነበረው በእሱ ግፊት ነበር ያወጣሁት። አሶሳ ስደርስ ሴት መኪና ስትነዳ ያየ የለም። የቢሯችን ኃላፊ አቶ ደምሴ፣ የጎጃም ሰው፣ ቀልደኛና ቁጡ፣ ሹፌር ሲታመም ወይም ሲያኮርፍ ብቻ ቁልፉን ይሰጠኛል፤ ማታ ላይ እጁን ዘርግቶ ቁልፉን መልሶ ይቀበለኛል። ሌላ ሹፌር ቁልፉን ኪሱ ይዞ ያድራል፤ የእኔ ግን ሁልጊዜ የውሰት ነበር። ዋናው ሹፌር ጋሽ ወርቁ ደግሞ ባየኝ ቁጥር፣ «ሙሉነሽ፣ አንቺ መሪ ስትይዢ እኮ መንገዱ ራሱ ዳር ይይዛል» እያለ ጎማ ጠጋኙን ያስቀዋል። እኔ ከቀሚሴ ሥር ካኪ ሱሪ፣ ከወገቤ ላይ እናቴ ራሷ ፈትላ ያሸመነችልኝ ረጅም መቀነት፣ ከአንገቴ ማተቤን አድርጌ ዝም ብዬ አልፋለሁ። መልስ አጥቼ አልነበረም፤ መልሱ በአፍ የሚመለስ አልነበረም እንጂ።

አሁን የዚያን ዓመት ነገር። ወደ ቶንጎ በሚወስደው መንገድ፣ ከባምባሲ አለፍ ብሎ፣ አንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት መንደሮች ነበሩ፤ በወዲህ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ክርስቲያኖች፣ በወዲያ በርታዎች። በቆሎው ሲደርስ አጋዘንና ከርከሮ ሌሊቱን ገብቶ እሸቱን ያወድመው ነበር። ሁለቱ መንደሮች በአንድ ማማ ላይ ተፈራርቀው ይጠብቃሉ፤ ግን ወንዙ ሲሞላ ተቆራርጠው ይቀራሉ። ስለዚህ በጋራ ደቦ የእንጨት ድልድይ ሊሠሩ ተስማሙ። የሚመለከተው ቢሮ ማሳ ከሚያጠፋው አውሬ ጥቂቱ እንዲታደን ፈቅዶላቸው፣ ሥጋው ለደቦው ምሳ እንዲሆን ተባለ። በመጀመሪያው ዓመት ሥጋውን ያመጣው ጋሽ ወርቁ ነበር። በእስላም እጅ የታረደውንና በክርስቲያን እጅ የታረደውን አንድ ላይ በመኪናው የጭነት ቦታ፣ በካሶኒው ላይ ወረወረው፤ ደሙ ተቀላቀለ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ጠፋ። ሲጠየቅ፣ «አጋዘን ምን ሃይማኖት አለው?» አለ። ቀልዱን የወደደለት አልነበረም። በሁለቱም በኩል ድስቱ ተጥዶ፣ ውኃው ፈልቶ፣ የሚበላ ሰው ጠፋ። አንዱ አንዱን «ሆን ብለው ነው» አለ፤ ሰው መጥረቢያውን ተሸክሞ ወደየቤቱ ገባ፤ ድልድዩ ሁለት ምሰሶ ብቻ እንደተተከለለት ቀረ።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ሼህ ኢድሪስ፣ የኸዲጃ አባት፣ ቀጭን፣ ነጭ ጀለቢያ የማያወልቁ፣ እንደ ክር የቀጠነ ጢም ያላቸው አዳኝ ነበሩ። ከወዲህ መንደር ጋሽ አያሌው መጣ፤ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ወሎዬ። «ሥጋውን የሚያመጣ ሌላ ሰው ስጡን» አሉ። አቶ ደምሴ ቢሮው መሐል ቆሞ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ንብረት ክፍል ደጃፍ የቆምኩትን እኔን አየ። «ሙሉነሽ» አለ፣ «ይችን አንዲት ጉዞ። ሥጋው እንደ አምናው ተበላሽቶ ከመጣ ወደ መጋዘንሽ፣ ሁለተኛ መሪ አትነኪም። ደህና ከመጣ ግን ያኔ እንነጋገራለን።» ጋሽ ወርቁ ከበሩ ጀርባ፣ «የምትጭነው እንቁላል መስሏት እንዳይሆን!» አለ። «እንቁላልም ቢሆን ጋሽ ወርቁ አይቀላቀልብኝም» አልኩት። ያን ቀን ብቻ ነው አፍ የከፈትኩት። ወዲያው ደግሞ ጸጸተኝ፤ ጽጌን የምጾም ሴት ነኝ፣ ጾም ምላስንም ይጨምራል።

ለማያውቅ ሰው፣ የጽጌ ጾም በፈቃድ ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ቁስቋም። አብዛኛው ሰው ይበላል። እኔ ከእናቴ የለመድኩት ስለሆነ ትቼው አላውቅም። ይኼ የኋላ ኋላ ጉድ የሠራ ነገር ስለሆነ ልብ በሉልኝ።

ጠዋት በነጭ ፒካፗ ወጣሁ። ነጭ የምላት ለክብሯ ነው፤ ቀይ አፈሩ ነክሯት የጡብ መልክ ይዛለች። ረዳቴ አብሮኝ ተነሥቶ ነበር፤ ባምባሲ ሳንደርስ ወባ አንቀጠቀጠው፣ ጥርሱ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ ጤና ጣቢያ አውርጄው ብቻዬን ቀጠልኩ። ድሮ ግሬደር የቆረጠው መንገድ ጠምዘዝ የሚልበት፣ የተቀጣጠርንበት ቦታ ስደርስ አዳኞቹ የሉም። ከገደሉ ማዶ መንገሻ ብቻ ቆሟል። መንገሻ ከካማሺ የመጣ ጉሙዝ ነው፤ ዱካ በማንበብ የሚስተካከለው አልነበረም። «ሙሉዬ!» ብሎ ጮኸ፣ «አንድ ቆስሎ አመለጠ! ሼኩም አያሌውም እየተከተሉት ነው፣ እኔ ከሌለሁ ይጠፋባቸዋል!»

«እና እኔስ?»

«ሦስቱ በአንቺ በኩል፣ ዛፉ ሥር ናቸው። ቀንዱ ላይ አረንጓዴ ሣር የታሰረበት የሼኩ ነው። ነጭ ክር ያለበት የአያሌው። ከርከሮው የእኔ! እንዳትረሽብኝ፣ ቤት እየጠበቁኝ ነው!»

«ማን ይጭንልኛል?»

«መኪናው የማን ነው?» አለና ሳቀ፤ ከዚያ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። የቆሰለ አውሬ አይተውም፤ ቆስሎ ሲማቅቅ ማደር ለአውሬውም ነውር ለአዳኙም ነውር ነው። ልቆጣቸው አልቻልኩም። ሰማዩን ቀና ብዬ ሳይ ግን አሞራዎቹ መዞር ጀምረዋል፤ ፀሐዩም ጉልበት እያወጣ ነው። የቆላ ጥቅምት ሥጋ አይጠብቅም። ብመለስና ሰው ፍለጋ ብሄድ አሞራው ይቀድመኛል። ብቀመጥና ብጠብቅ ሙቀቱ። ወደ መጋዘን የሚወስደው መንገድ በሁለቱም በኩል ክፍት ነበር።

መጀመሪያ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ቀጥሎ ዞሬ አየኋቸው። ሁለቱም አጋዘኖች ቀንዳቸው እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ትልልቅ ወንዶች ናቸው፤ ሆድ ዕቃቸው ወጥቶ፣ ቅጠል ተጠቅጥቆበት፣ አንዱን ብቻ እንኳ በእግሩ ይዤ ስስበው ንቅንቅ አላለም። እንደ እኔ ያሉ ሁለት ሴቶች ተደምረው አያክሉትም። እዚያ ቆሜ ነው የሼህ ኢድሪስ ባለቤት እማማ ሐዋ የታወሱኝ። አንድ ጊዜ ለሥራ መንደራቸው ሄጄ፣ የወፍጮ ድንጋይ ብቻቸውን ከአንድ ጎጆ ወደ ሌላ ጎጆ ሲያዘዋውሩ አይቼ ላግዝ ብል፣ «ተወው፣ ድንጋይ አይነሣም፣ ይሄዳል» ብለውኝ ነበር። ከሥሩ ሽመል አነጠፉለት፤ ገፋ ሲያደርጉት ይንከባለላል፤ ከኋላ የተረፈውን ሽመል አንሥተው ወደ ፊት ያደርጉለታል፤ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ ደጃፉ ድረስ በራሱ ሄደ።

መኪናዋን ወደ ኋላ ማርሽ አስገብቼ ግሬደሩ ወደቆረጠው ጉድጓድ ወሰድኳት። ጎማዋ ሲወርድ፣ ካሶኒዋ አጋዘኖቹ ከተኙበት ዳገት ግርግዳ አፍ ጋር እኩል መጣ። ስፖንዳውን፣ የኋላ መዝጊያውን፣ ስከፍተው እንደ ድልድይ ዳገቱ ላይ ተኛ። ጎማውን በድንጋይ ወጥሬ፣ በመኪናው ገጀራ ከጫካው ዳር እርጥብ ሽመል ቆረጥኩ። ያን ጊዜ ነው ያ ሽታ የገባብኝ፤ እስከ ዛሬ አልወጣም።

ከመጫኔ በፊት ግን ካሶኒውን አሰናዳሁ። መሐል ለመሐል፣ ከፊት እስከ ስፖንዳው፣ ትርፉን ስኮርታ ጎማና የክሪኩን ሳጥን ደረደርኩ፤ ክፍተቱን በሽመል እስር ዘጋሁት፤ በግራና በቀኙ ከገደሉ ሥር ካለው ወንዝ ዳር ያመጣሁትን ደረቅ አሸዋ እንደ መደብ ከመርኩበት፤ ደም ቢወርድ እንኳ እዚያው እንዲጠጣው። ወለሉን በሁለቱም በኩል ቅጠል አለበስኩት። ከዚያ የሼህ ኢድሪስን አጋዘን በመኪናው ገመድ ቀንዱ ላይ አስሬ፣ ሽመል ከሥሩ እየከተትኩ፣ አንዴ ከኋላ እየገፋሁ፣ አንዴ ካሶኒው ውስጥ ወጥቼ እግሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ እየሳብኩ አስኬድኩት። «ሂድ እንጂ አባቴ፣ ሂድ የኔ ጌታ» እለዋለሁ፤ ሰሚ ቢኖር አብዳለች ይለኝ ነበር። ስፖንዳውን ሲሻገር ሽመሉ አንድ ጊዜ ተንኮሻኮሸ፣ መኪናዋ ዝቅ አለች፣ ገባ።

የአያሌው አጋዘን ጋ ስደርስ ግን እጄ ገመዱ ላይ ቆመ። ገመዱ ደም ነክቶታል። ማንም አላየኝም፤ ብጠቀምበት የሚያውቅ የለም። እሱ ነው ክፋቱ፤ ማንም በሌለበት የሚሠራ ሥራ ከሁሉ ይበልጥ ከባድ ነው። ልጥ ላጥኩ፤ ለማሰር እንጂ ለመሳብ አይበቃም፤ ተበጠሰ። ወደ ወንዙ ወርጄ እጄን እስከ ክርኔ በአሸዋ አሽቼ ታጠብኩ፣ ሌላ ሽመል ቆርጬ ተመለስኩ፣ መቀነቴን ፈታሁ። የእናቴን መቀነት። ስትሰጠኝ፣ «ወገብሽን አትፍቺ፣ ሰው አገር ነው የምትሄጅው» ብላ ነበር። «እማዬ ይቅር በይኝ» ብዬ ዕጥፍ አድርጌ ቀንዱ ላይ ቋጠርኩት። የእናቴ ፈትል አልተበጠሰም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለኝ፤ ወይ እኔ ለምጄ፣ ወይ የመቀነቱ በረከት።

ከርከሮው ቀረ። እውነቱን ልናገር፣ ፈተና እሱ ነበር። ያደግሁበት ሃይማኖት አይበላውም፣ አይነካውም፤ ሼህ ኢድሪስም እንደዚሁ። ከሥጋው ጋር ካሶኒ ላይ ከወጣ ሁሉም ነገር ከሸፈ። ጥዬው ብሄድ የሚወቅሰኝ ክርስቲያንም እስላምም የለም። ግን መንገሻ «ቤት እየጠበቁኝ ነው» ብሏል። እኔ አልነካም ብዬ የሰው ቀለብ ለአሞራ ልጣል? ጾሜ ለእግዚአብሔር ነው፤ የመንገሻን ልጆች ማስራቢያ አይደለም። መኪናዋን አውጥቼ አዞርኩና በአፍንጫዋ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አስገባኋት፤ የፊት መከላከያዋ ብረት ከግርግዳው ጋር ገጠመ። እጄን በሰፋፊ ቅጠል ጠቅልዬ ከርከሮውን በሽመል አንከባልዬ ብረቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ በልጥ ጠፈርኩት። ከዚያ እንደገና ወንዝ፣ እንደገና አሸዋ። ስነሣ ጥርሱን ወደ መንገዱ አድርጎ ፊት ፊቴ እየመራ የገባው እሱ ነበር፤ መንገድ ላይ ያገኘኋቸው በጎች ሳይቀሩ ዳር ያዙልኝ።

መንደር ስደርስ ሕዝቡ ወንዙ ዳር ማንጎው ሥር ተሰብስቧል። በአንድ በኩል የበርታዎቹ ድስት፣ በሌላው የሰፋሪዎቹ፣ ሁለቱም ባዶ። አቶ ደምሴና ጋሽ ወርቁ በሌላ መኪና ቀድመውኝ ቆመዋል። ስወርድ ቀሚሴ ተቀድዷል፣ ነጠላዬ አፈር መስሏል፣ ወገቤ ላይ ምንም የለም። ጋሽ ወርቁ መኪናዋን ዙሪያዋን ዞሮ አየና፣ «ማን ጫነልሽ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር።»

«ከእሱ በታች ማለቴ ነው።»

«ከእሱ በታች እኔ።»

ነገሩ ግን ገና አላለቀም፤ ድስቶቹ አልተነኩም። ሁሉም አዳኞቹን ይጠብቃል። ጥቂት ቆይቶ በላብ ተጠምቀው መጡ፤ የቆሰለውን አግኝተው ከሥቃዩ ገላግለውታል። ሼህ ኢድሪስ ለማንም ሰላም ሳይሉ ቀጥ ብለው ወደ መኪናዋ መጡ። ስፖንዳውን አስከፈቱኝ። ቀንዱ ላይ ያለውን ሣር ዳሰሱ። አሸዋው ላይ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት፤ በአንድ በኩል እርጥብ፣ በሌላ በኩል እርጥብ፣ መሐሉ ደረቅ። ሕዝቡ ሊያይ ተጠጋ።

«የኔ በምን ተሳበ?» አሉኝ።

«በመኪናው ገመድ።»

«የአያሌውስ? በዚያው ገመድ?»

ወገቤን አሳየኋቸው። መቀነቱ ደም ነክቶት የነጭ ክሩ አጋዘን ቀንድ ላይ እንደታሰረ ነበር። ጋሽ አያሌው በዚያ ድምፁ፣ «በማርያም! በእናቷ መቀነት!» ብሎ ጮኸ። ሼህ ኢድሪስ ግን አልጮኹም። «እጅህስ? በመሐል ታጠበ?» አሉኝ፤ አማርኛቸው ላይ አንተና አንቺ አይለይም ነበር።

«በአሸዋ፣ እስከ ክርኔ። ለሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ከከርከሮው በኋላ።»

«ከርከሮም ጫነ?» ብለው ፊት ለፊት ዞረው አዩት። መንገሻ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እንደ ልጁ ጀርባውን ይደባብሰዋል። ሼኩ ሳቁ፤ ስቀው አይቻቸው አላውቅም ነበር። «ከእኛ ሥጋ ለራት ትወስዳለህ፣ ያ ብንቲ» አሉኝ፤ በዐረብኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው።

«አልበላም፣ ሼህ። እስከ ቁስቋም ጾመኛ ነኝ።»

ሼኩ ወደ ሕዝባቸው ዞረው በበርታኛ፣ ቀጥለው ለእኛ በአማርኛ እንዲህ አሉ፤ «እሱ ለራሱ አይበላም። ለራሱ የማይበላ ሰው ነው ሥጋ የሚታመነው። ቢስሚላህ፣ አውርዱ!» እማማ ሐዋ እልልታውን ከወዲያ አነሡት፤ ከወዲህ ሴቶቹ ተቀበሉ። ሁለቱም ድስት በአንድ ጊዜ ተጣደ። እኔ ሽሮዬን በልቼ ማንጎው ሥር ተኛሁ፤ በእንቅልፌ ውስጥ የመጥረቢያ ድምፅ እሰማ ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻውን ግንድ አጋድመው፣ በድልድዩ ላይ የመጀመሪያው ሰው ከወዲያ ወደ ወዲህ ተሻገረ።

አሶሳ ስንገባ አቶ ደምሴ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። ልሰጠው እጄን ኪሴ ከተትኩ። እሱ ግን እጁን መለሰና፣ «የት ነው ያለው?» አለኝ።

«ኪሴ ውስጥ።»

«እዚያው ይደር።»

በዚያች ቁልፍና ከዚያች በኋላ በመጡት እስከ ጡረታዬ ነዳሁ። ወደ ጉባ፣ ግድቡ ወደሚሠራበት ምድረ በዳ፣ ስንት ዓመት ተመላለስኩ። ጋሽ ወርቁም ኋላ ጥሩ ወዳጄ ሆነ፤ አዲስ ረዳት ሲመጣ፣ «ጭነት ከሙሉነሽ ተማር፣ ቀልዱን ከእኔ» ይል ነበር። መቀነቱ ታጥቦ እድፉ አልለቀቀም፤ በበዓል እታጠቀዋለሁ፣ ያዩ ሰዎች ጥለቱ ይመስላቸዋል።

ይህን ሁሉ ከኸዲጃ ጋር እያነሣን ስንስቅ፣ ድንገት ማንጎዎቿን እንደገና ደረደረች። «አባቴ» አለች፣ «እስኪሞት ድረስ፣ ሠርግ ይሁን ሐዘን፣ ሥጋ በመኪና ሲመጣ ከደጅ ቆሞ አንድ ነገር ይጠይቃል።»

«ምን ብለው?»

«ማን ጫነው?»

ማንጎዬን ጨርሼ ተነሣሁ። ትዕቢት ከሆነ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ፣ ቀጥ ብዬ ነው።